14 ዕቃ ገብቶ 22 ወጣ፦ የአንድ ካሽ የጉዳይ ጥናት

ጂኦካሺንግ ለሚባለው የድብብቆሽ ጨዋታ የደበቅኩትን ዕቃ ክዳን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ደረሰኝ ነው። አራት ቦታ የታጠፈ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ የሆነ ሰው ኪስ ውስጥ የከረመ የሱቅ ደረሰኝ። ከሥሩ ሦስት ስቲከር። ጆሮዋ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጥንቸል። ጎማ የሌላት መጫወቻ መኪና። ሁለት ቢዝነስ ካርድ። አንድ ጠጠር። ክዳን የሌለው እስክሪብቶ። ሁሉንም መሬት ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። 22 ሆኑ።

ከ11 ወር በፊት ስደብቀው ውስጡ ያስቀመጥኩት 14 ዕቃ ነበር። ስለዚህ ካሹን ማንም አልዘረፈውም። እንዲያውም ሰው ከወሰደው በላይ ትቶ ሄዷል። ግን ከ22ቱ መካከል ልጅ አይቶ እጁን የሚዘረጋለት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ውስጡ ጠመዝማዛ መስመር ያለው አረንጓዴ ብይ። የብዩን ታሪክ ደግሞ በመመዝገቢያው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ አገኘሁት። አንድ አባት እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ "ከልጄ ጋር አገኘነው። ለመለዋወጥ ብላ ከቤት ብይ ይዛ መጥታ ነበር። የምትወስደው ስላጣች ብዩን ብቻ ትታ ሄደች።"

ይህን ካነበብኩ በኋላ ዕቃውን ዝም ብሎ መሙላት አልሆነልኝም። ምን እንደተፈጠረ ማወቅ ፈለግኩ። ደብተሩን ይዤ ወደ ቤት ገባሁና ጎብኚዎች በጨዋታው ድረ ገጽ ላይ ካደረጉት የ11 ወር ምዝገባ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ማመሳከር ጀመርኩ።

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። ጂኦካሺንግ በጂፒኤስ የሚደረግ ድብብቆሽ ነው። አንዱ ክዳን ያለው ዕቃ ይደብቅና ያለበትን ቦታ መለኪያ ቁጥር ይፋ ያደርጋል። ሌላው በስልኩ ወይም በጂፒኤስ መሣሪያው እየተመራ ይፈልገዋል። ሲያገኘው ደብተሩ ላይ ይፈርምና እንደነበረ መልሶ ይደብቀዋል። ካሽ ሲባል ጥሬ ገንዘብ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። አይደለም፤ የተደበቀው ዕቃ ራሱ ነው ካሽ የሚባለው። ውስጡ ቦታ ካለ ደግሞ ትንንሽ ዕቃዎች ይቀመጣሉ። የወደድከውን ትወስዳለህ፣ በምትኩ ሌላ ትተዋለህ።

ይህ ሰጥቶ መቀበል ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን አቆመ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ አቅራቢያ አንድ ባልዲ ደበቀና ቦታውን ኢንተርኔት ላይ አሳወቀ። ባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ቪዲዮ፣ ሶፍትዌር፣ ገንዘብ፣ ወንጭፍ፣ አንድ ጣሳ ባቄላም ሳይቀር ነበረበት። ሕጉ አጭር ነበር፦ ጥቂት ውሰድ፣ ጥቂት ተው። የጨዋታው ዋና ድረ ገጽ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሲከፈት የሚታወቁት ካሾች 75 ብቻ ነበሩ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን ይቆጠራሉ።

ወደ እኔ ካሽ ልመለስ። የምሳ ዕቃ የመሰለ፣ ባለ አራት መቆለፊያ፣ 3 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ነው። በጨዋታው አከፋፈል ከ1 እስከ 20 ሊትር ያለው "መደበኛ" ይባላል። ከ100 ሚሊ ሊትር በታች የሆነው ማይክሮ ነው፤ ከምትፈርምበት ወረቀት ሌላ ብዙ ነገር አይይዝም። ትልቁን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ልጅ ይዘው የሚወጡ ሰዎች መደበኛ ካሽ ሲያዩ ውስጡ የሚለዋወጡት ነገር እንዳለ ጠብቀው እንደሚመጡ አውቃለሁ።

14ቱን ዕቃዎች አንድ በአንድ ነው የመረጥኳቸው። የሚሠራ ኮምፓስ፣ ፊሽካ፣ አጉሊ መነጽር፣ አዲስ የእርሳስ መቅረጫ፣ የሩቅ አገር ሳንቲሞች፣ ትንንሽ የእንስሳት ቅርጾች፣ አንዲት የብረት መጫወቻ መኪና፣ ሌሎችም። ከተለዋዋጮቹ ውጪ ደብተር፣ እርሳስ፣ እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አስገባሁ። እርሳስ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እስክሪብቶ በብርድ አልጽፍ ይላል፣ በሙቀት ይተፋል። እርሳስ ሁልጊዜ ይጽፋል።

አሁን ወደ ደብተሩ። በ11 ወር 31 ጊዜ ተጎብኝቷል። 12ቱ ፈርመው ብቻ ሄደዋል። ይህ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ መለዋወጥ ግዴታ ሆኖ አያውቅም። ከቀሩት 19 ውስጥ 11ዱ ምን እንደወሰዱና ምን እንደተዉ ጽፈዋል። 8ቱ ግን "ተለዋወጥን" ከማለት ሌላ ምንም አላሉም።

በጣም ያስገረመኝ የኮምፓሱ መንገድ ነው። በሁለተኛው ወር አንዱ "ኮምፓስ ወሰድኩ፣ የኪስ ባትሪ ተውኩ" ብሏል። ጥሩ ልውውጥ ነው፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ቀጥሎ የመጣው ባትሪውን ወስዶ የቁልፍ መያዣ ተወ። ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ ግን አያስወቅስም። ሌላዋ የቁልፍ መያዣውን ወስዳ የፕላስቲክ አምባር ተወች። አምባሩን የወሰደ ልጅ ሁለት ስቲከር ተወ። ከሁለቱ ስቲከሮች አንዱን ማን በደረሰኝ እንደቀየረው አልተጻፈም። ደረሰኙ ግን ያው፣ ከላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ከኮምፓስ እስከ ደረሰኝ አምስት ሰው ነው። ከአምስቱ አራቱን አይቼ የምወቅሰው አላገኘሁም። እያንዳንዱ ያገኘውን ዕቃ አይቶ ከእሱ ትንሽ ያነሰ ነገር ነው የተወው። የመጀመሪያውን ኮምፓስ አላየም፤ ምን ያህል እንደወረደ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ያገኘው ስቲከር ከሆነ ሚዛኑም ስቲከር ነው። ለዚህ ነው በጨዋታው ውስጥ የቆዩ ሰዎች "እኩል ወይም የተሻለ ተው፣ አለበለዚያ አትውሰድ" የሚሉት። "እኩል" ብቻ ቢባል ሁሉም እኩል መስሎት ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። "የተሻለ" የሚለው ቃል ያን ቅናሽ ለመመለስ የገባ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ደረሰኝ ማን ይተዋል? ይህን በደንብ አስቤበታለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ካሹን ሲያገኝ ደስ ብሎታል፤ ወይም ከጎኑ ያለው ልጅ አንድ ነገር ይዞ "ልውሰደው?" እያለ ነው። እሺ ይለዋል። ከዚያ ኪሱን ይዳብሳል። ኪሱ ውስጥ ያለው ደረሰኝና ቁልፍ ነው። ቁልፉን መተው አይችልም። ጠጠሩም፣ ቢዝነስ ካርዱም፣ ክዳን የሌለው እስክሪብቶም የመጡት በዚሁ መንገድ ነው ብዬ እገምታለሁ። ልውውጡ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚወሰነው ካሹ ጋር ሲደረስ አይደለም። ከቤት ሲወጣ ነው። ያቺ ልጅ ብይ ይዛ ነው የወጣችው።

ቁጥሩ ለምን ከ14 ወደ 22 ጨመረ የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አንዳንዱ የሚተወው ነገር ትንሽ መሆኑ ስለሚሰማው ሁለት ወይም ሦስት አድርጎ ያካክሳል። አንድ ፊሽካ ወስዶ ሁለት የተሰበረ መጫወቻ ይተዋል። በሐሳብ ሲታይ ቸርነት ነው። ካሹ ውስጥ ሲሆን ግን ጉዳት ነው። እኔ ዘንድ ያደረሰውን ጉዳት በዓይኔ አየሁት፤ ዕቃው ከመጠን በላይ ስለሞላ ክዳኑ በአንድ በኩል ተነሥቶ ነበር። ከአራቱ መቆለፊያዎች አንዱ አልገጠመም። በፌስታል ውስጥ የነበረው ደብተር ሳይቀር ጠርዙ ረጥቦ ተጣብቋል። የአራት ሰው ፊርማ ጠፍቷል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የፌስታሉ ጫፍ በክዳኑና በላስቲኩ መካከል ሲቆነጠጥ ውሃ በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ስትዘጋ በጣትህ ዙሪያውን መዳሰስ አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ከዕቃዎቹ መካከል ሁለቱ መጀመሪያውኑ መግባት ያልነበረባቸው ናቸው። አንደኛው የሳሙና አረፋ መንፊያ ነው። ፈሶ መኪናዋንና ስቲከሮቹን አጣብቋቸዋል። ሁለተኛው ከረሜላ ነው። ወረቀቱን ብቻ ነው ያገኘሁት፤ ውስጡን ጉንዳን ጨርሶታል። ምግብ ካሽ ውስጥ አይገባም። እንስሳ ይሸተዋል፣ ፕላስቲኩን ይበሳል፣ ጎትቶም ይወስደዋል። መጠጥ፣ መድኃኒት፣ የጦር መሣሪያ፣ ክብሪትና ላይተርም ክልክል ናቸው፤ ዕቃውን ማን እንደሚከፍተው አይታወቅምና። የአልመር ባቄላ ዛሬ ቢሆን ኖሮ በሕጉ አያልፍም ነበር። ባልዲውም በከፊል ተቀብሮ ስለነበር አያልፍም። የሚገርመው ግን ያቺ የባቄላ ጣሳ ከዓመታት በኋላ ተገኘች። ዛሬ የራሷ የመከታተያ ቁጥር አላት፤ እንደ ተጓዥ ዕቃ ከቦታ ቦታ ትዞራለች።

እዚህ ላይ ነው የጉዳዩ ሌላው ግማሽ የሚመጣው። በእኔ ካሽ ውስጥ በ11 ወሩ ሁለት ተጓዥ ዕቃዎች ገብተው ነበር። ሁለቱም ላይ ስህተት ተሠርቷል። የመጀመሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ተጓዥ ዕቃ ከመለዋወጫ ዕቃ ጋር አንድ ካሽ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ሌላ ነገር ነው። ትራቭል በግ (Travel Bug) የሚባለው ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ምልክት ነው፤ ወታደር አንገቱ ላይ የሚያስረውን ይመስላል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ትንሽ ዕቃ ጋር ይታሰራል። ጂኦኮይን ደግሞ በሳንቲም መልክ የተሠራ ነው። ሁለቱም ባለቤት አላቸው። ባለቤቱ ግብ ይሰጣቸዋል፤ ወደዚህ አገር ሂድ፣ ይህን ያህል ተራራ ውጣ ይላቸዋል። ያገኛቸው ሰው ከአንዱ ካሽ ወደ ሌላው ያደርሳቸዋል። ማንም አይወርሳቸውም። የሚወስዳቸውም በምትኩ ምንም መተው የለበትም።

እኔ ግን ካሹን ሳስመዘግብ ገጹ ላይ "ተጓዥ ዕቃ የሚወስድ ሰው እባክዎ ሌላ ተጓዥ ዕቃ ይተኩ" ብዬ ጽፌ ነበር። ካሹ ሁልጊዜ ተጓዥ እንዲኖረው ፈልጌ ነው። ቅን ሐሳብ መስሎኝ ነበር። አንዲት ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ዝሆን መጣች። ግቧ ባሕር ማየት ነው። 5 ወር ተቀመጠች። በመሃል አራት ሰዎች "ዝሆኗን መውሰድ ፈልገን ነበር፣ የምንተካው ግን የለንም" ብለው መዝግበዋል። እያነበብኩ እንኳ አልነቃሁም። በመጨረሻ የዝሆኗ ባለቤት ጻፈልኝ።

"ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዝሆኔ እርስዎ ጋ በደህና መቆየቷን በማወቄ ደስ ብሎኛል። ግን እኔ የላክኋት እንድትሄድ ነው። ሊወስዷት የፈለጉ ሰዎች በገጽዎ ላይ ባለው ሕግ ምክንያት ትተዋት እንደሄዱ አየሁ። ቢያነሱልኝ አመሰግናለሁ።"

ቁጣ የለበትም። ያ ነው ይበልጥ የተሰማኝ። የሰው ዕቃ ላይ ሕግ አውጥቼ አስሬ አስቀምጫት ነበር። በዚያው ቀን ጽሑፉን አጠፋሁና ይቅርታ ጠየቅኩ። በሳምንቱ አንዲት ተጫዋች ዝሆኗን ወሰደቻት።

ሁለተኛው ጂኦኮይን ነው። ድረ ገጹ ካሹ ውስጥ እንዳለ ያሳያል። ሦስት ሰዎች እሱን ብለው መጥተው "ኮይኑ የለም" ብለው መዝግበዋል። ደብተሩን ሳገላብጥ በእጅ የተጻፈች አንዲት መስመር አገኘሁ፦ "ቆንጆ ሳንቲም ወሰድኩ፣ አምባር ተውኩ። አመሰግናለሁ!" ከሥሯ የተጠቃሚ ስም አለ። ሰውየው ጨዋታውን ከጀመረ ገና ሁለተኛ ካሹ ነበር።

የካሽ ባለቤት እንደመሆኔ ኮይኑን "ጠፍቷል" ብዬ ምልክት ማድረግ እችል ነበር። እንዲያ ቢሆን ከካሼ ዝርዝር ይወጣል፣ ሰውም ለከንቱ አይመጣም። ግን ያን ከማድረጌ በፊት ሰውየውን ልጠይቀው ብዬ አሰብኩ። መልእክቴን ሦስት ጊዜ ነው ያረምኩት። "ወስደዋል" የሚል ቃል እንዳይኖርበት ፈለግኩ።

"ሰላም፣ ካሼን ስለጎበኙ አመሰግናለሁ። ደብተሩ ላይ ስለ አንድ ሳንቲም ጽፈዋል። ምናልባት ጠርዙ ላይ ፊደልና ቁጥር የተቀረጸበት ይሆን? ከሆነ ባለቤት ያለው ተጓዥ ዕቃ ነው። ለጀማሪ ግራ እንደሚያጋባ አውቃለሁ።"

በዚያው ምሽት መለሰልኝ። "ወይኔ! በእውነት አላወቅኩም። አምባር ስለተውኩ የእኔ የሆነ መስሎኝ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አሁን ሳየው ቁጥሩ አለ። ምን ላድርግ? በጣም ይቅርታ።"

ነገርኩት። ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ አስገብተህ እጅህ ላይ እንዳለ መዝግብ። በግምት በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደሌላ ካሽ አድርሰው፤ ካልቻልክ ለባለቤቱ ጻፍለት። ስታስቀምጠው ደግሞ እንዳስቀመጥክ መዝግብ፤ ሰው ሜዳ ለሜዳ የሚንከራተተው ይህ ስለሚረሳ ነው። ከተቀረጸው ቁጥር ጋር ፎቶ አንሥተህ አትለጥፍ። በይፋ የሚታየውና በቲቢ የሚጀምረው ቁጥር ሌላ ነው። የተቀረጸው ግን በእጁ ላየ ሰው ብቻ የሚታወቅ ሚስጥር ነው። መውሰድ ካልፈለግክ ደግሞ ቁጥሩን አይተህ "አይቼዋለሁ" ብለህ መመዝገብ ትችላለህ።

በአራተኛው ቀን ኮይኑ በሌላ ካሽ ውስጥ እንደተቀመጠ አየሁ። ከሥሩ አጭር ማስታወሻ አለ፦ "ለጥቂት ጊዜ በስህተት አስቀርቼው ነበር። መንገዱን ቀጥሏል።" ስህተቱን ሳይደብቅ መጻፉ ደስ አሰኘኝ። ብዙ ሰው የጠፋ ኮይን እቤቱ ሲያገኝ አፍሮ ዝም ይላል፤ በዚያው ኮይኑ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ጉዳዩን አብሮኝ ለሚጫወት ጓደኛዬ ስነግረው መፍትሔው ቀላል ነው አለኝ። "ደብተር ብቻ አስቀምጥ። ጨዋታው ማግኘት ነው እንጂ ዕቃ መሰብሰብ አይደለም።" አንድ ሳምንት ሙሉ አሰብኩበት። እውነት አለው፤ 12 ሰው ምንም ሳይነካ ደስ ብሎት ሄዷል። እኔም ራሴ ካሽ ሳገኝ ከፊርማ ውጪ ብዙ ጊዜ ምንም አልነካም። ግን ያችን ብይ ይዛ የመጣችውን ልጅ መርሳት አልቻልኩም። እሷን ያመጣት ፊርማ አይደለም። ስለዚህ ዕቃውን አላስቀረሁም።

የቀየርኩት ይህን ነው። 14 ሳይሆን 8 ዕቃ አስገባሁ፤ ከዕቃው ግማሽ በላይ ባዶ ሆነ። ቦታ ሲኖር ክዳኑ ይገጥማል። አንድ ነገር ሲጎድልም ወዲያው ይታያል። ተጓዥ ዕቃዎችን ለብቻቸው በትንሽ ባለ ዚፕ ከረጢት አደረግኋቸው። ከረጢቱ ላይ "እነዚህ ባለቤት አላቸው። ለመውሰድ ምንም መተው አያስፈልግም፤ መመዝገብ ግን ያስፈልጋል" ብዬ ጻፍኩ። የክዳኑን ውስጥ ደግሞ በማይለቅ ቀለም "የምትተዉት ከሌላችሁ ፈርሙ፣ ተመልሳችሁ ኑ" አልኩበት። ከአሁን በፊት ካሹን የማየው ሰው ችግር ሲነግረኝ ነበር። አሁን በየሁለት ወሩ ቦርሳዬ ውስጥ ጥቂት ደህና ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ። የወረደውን አወጣለሁ፣ በምትኩ የተሻለ አስገባለሁ። ሌሎች ሰዎች ካሽ ጋ ስደርስም ይህንኑ አደርጋለሁ። አንድ ትቼ ምንም ሳልወስድ እሄዳለሁ፤ ቆሻሻ ካለም ይዤ እወጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከእኔ ጉዳይ ጋር ባይገናኝም። ሌተርቦክስ በሚባለው ዓይነት ካሽ ውስጥ ማኅተም አለ። ጎብኚው በራሱ ማስታወሻ ደብተር ላይ እንዲያትምበት የተቀመጠ ነው። ቆንጆ ስለሆነ መለዋወጫ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ማኅተሙ ከሌለ ካሹ ሌተርቦክስ አይደለም፤ ይተዉት።

አዲሱ አሠራር ከተጀመረ 6 ወር ሆኖታል። ባለፈው ሳምንት ስከፍተው ውስጡ 9 ዕቃ ነበር። ፊሽካው ሄዷል፤ በምትኩ ያልተከፈተ የመጫወቻ ካርታ መጥቷል። አዲሱ ኮምፓስ ገና አለ። አንድ ስቲከር ገብቷል፣ አንድ የተሰነጠቀ ብይም አለ። አረንጓዴውን ብይ የሆነ ልጅ ወስዶታል። ተጓዥ ዕቃ አልነበረም፤ ከረጢቱ ባዶ ነው። ስቲከሩንና የተሰነጠቀውን ብይ አወጣሁ። ሁለት አዳዲስ ብዮች አስገባሁ፣ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ። በጣቴ ክዳኑን ዙሪያውን ዳሰስኩና አራቱን መቆለፊያዎች ዘጋሁ።